በጊደር የተለወጠው ቴሌቪዥን

ባለቤቴ ጊደር ሰጥቶ ቴሌቪዥን ያመጣ ዕለት ነቀምቴ ውስጥ ቴሌቪዥን የሚይዘው ምንም ነገር አልነበረም። ማሰራጫ የለም፣ ማማ የለም፣ ምስል የሚባል ነገር አምቦን ተሻግሮ አያውቅም ይባል ነበር። እሱ ግን ዕቃውን ለሁለት ተሸካሚዎች አሸክሞ፣ ላቡን እየጠረገ በሩ ላይ ቆመና "የምሥራች" አለኝ። ጊደሯን እናቱ ናቸው ከአርጆ ያመጡልን፤ ልጄን ወልጄ በተኛሁበት ሰሞን መንገድ ላይ ዘመድ ቤት እያደሩ በእግራቸው ነድተው። ልጅቷ ጡት ስትጥል ጊደሯ ላም ሆና ትደርሳለች ተብሎ ነበር የታሰበው።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ ያቺው ልጅ ናት። አሁን ትልቅ ሰው ሆናለች፤ የሬዲዮና የኮምፒዩተር ነገር የተማረች መሐንዲስ ናት። ባለፈው በጋ ነቀምቴ መጥታ አቧራ የለበሰውን የአባቷን ቴሌቪዥን ከጓዳ አወጣችው። "እማዬ፣ ላስነሳው ነው" አለችኝ። እንዲህ ያለውን አሮጌ ቴሌቪዥን የሚያናግር ማሰራጫ ቀርቷል፤ አሁን ሁሉም በሌላ ዘዴ ሆኗል አለችኝ። ግን በእጅ የምትያዝ አንዲት ትንሽ ሳጥን አላት፤ ከኮምፒዩተሯ ጋር ትሰካታለች፤ ድሮ በጥቅልል ሽቦና በአምፖል ይሠራ የነበረውን ሥራ ኮምፒዩተሩ በሒሳብ ይሠራዋል፤ ሳጥኗ ደግሞ ሒሳቡን ወደ ማዕበል ለውጣ ትልካለች። በየአገሩ ይህንን ሥራ ብለው የያዙ፣ የሞተ ቴሌቪዥን ከየቆሻሻው እየለቀሙ የሚያስነሱ ሰዎች አሉ፤ እርስ በርሳቸውም ይጻጻፋሉ። እኔ በልቤ እብደት በዘር ይተላለፋል ለካ አልኩ። ጊደር ስላላስወጣት ግን ተውኳት።

ቴሌቪዥኑ ከከተማው ዳር ባለ ግቢ ይኖሩ የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ዕቃ ነበር። የሚይዘው ነገር መኖር አለመኖሩን ሳይጠይቁ ከአገራቸው አምጥተውት፣ ጥልፍ አልብሰው የአበባ ማስቀመጫ አድርገውት ኖሩ። አብዮቱ ሲመጣ ሄዱ፤ ዕቃው ለዘበኛቸው ቀረ። ዘበኛው ላም ይፈልግ ነበር። ባለቤቴ፣ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህሩ፣ ቴሌቪዥን ይፈልግ ነበር። ሁለቱ የተገናኙ ጊዜ እኔ ትምህርት ቤት ሕፃናት አስተምር ነበር።

አማቴ በወሩ መጡ። ሰፈሩን በሙሉ "አካም ጂርቱ" ብለው ሰላም ካሉ በኋላ ገብተው ተቀመጡ፤ ግቢውን በዓይናቸው ቃኙ።

"ኢንተላ ኮ፣ ሳኒ ኤሳ ጂርቲ?" አሉኝ። ልጄ፣ ላሚቱ የት አለች ማለታቸው ነው።

በአገጬ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆምኳቸው። ተነሥተው ዞሩት፤ ጎኑን ነካ ነካ አደረጉት፤ ጎንበስ ብለው ከሥሩ አዩ።

ባለቤቴ በኦሮምኛ አስረዳቸው፤ አንድ ቀን ሩቅ ያለ ሰው እዚህ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይታያል አላቸው። አማቴ በጥሞና ሰሙትና "ሩቅ ያለ ሰው ከፈለገኝ በእግሩ ይምጣ" አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በመጡ ቁጥር፣ ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ፣ ያቺኑ ጥያቄ ይጠይቁ ነበር። ሳኒ ኤሳ ጂርቲ? ልጄም አፏን የፈታችው በዚህችው ጥያቄ ነው ብል አላጋነንኩም።

የቴሌቪዥኑን ሆድ አይጥ በልቶታል። ባለቤቴ ከተቃጠለ ሬዲዮ ዕቃ እየነቀለ፣ በስታኞ እየበየደ፣ በምስል ቱቦው አንገት ላይ የሚጠመጠመውን ጥቅልል ሽቦ ፈትቶ እንደገና እየጠቀለለ ስንት ጊዜ እንደፈጀ እንጃ። ሽቦ በጥርሱ እንደያዘ ያወራኝ ነበር፤ ምን እንደሚል ግን አይሰማኝም። አንቴናውን የሠራው በእኔ ጃንጥላ ነው። የጃንጥላዬን ዘንጎች አንድ በአንድ ነቅሎ ረጅም የባሕር ዛፍ እንጨት ጫፍ ላይ አሠረና ጓሮ አቆመው። የወለጋን ክረምት የሚያውቅ ሰው ያለ ጃንጥላ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ እኔ ያን ክረምት የሙዝ ቅጠል ተከናንቤ ነው ያስተማርኩት። እንጨቱ ሲቆም ከሥሩ ቆሜ ወደ ላይ አየሁና "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" አልኩት። ሳቀ። ባለቤቴ ሳቅ ከመጣበት የሚመልሰው የለም፤ ቀብር ላይ እንኳ ስቆ አዋርዶኛል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ቴሌቪዥኑ በራ። ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። መስኮቱ ላይ ነጭና ጥቁር ነገር ይፈላ ጀመር፤ ጤፍ በወንፊት ሲነፋ ይመስላል፤ ድምፁም ዘይት ላይ ሽንኩርት እንደጣሉበት ነው። ስሙ በዚያው ጤፍ ሆኖ ቀረ። ከመንገዱ ማዶ ያለው የጨርቅ ነጋዴ ጎረቤታችን፣ ከጉራጌ አገር መጥቶ ከተማው ውስጥ የከበረ ጨዋታ አዋቂ፣ ጥቂት ካየው በኋላ "መምህር፣ ጤፉ ጥሩ ነው፤ ማኛ ነው። እንጀራው መቼ ይደርሳል?" አለ።

ባለቤቴ ጥቅልሉን ሲመልስ ሁለት ሽቦዎችን አቀያይሮ ኖሯል። ይህንን ያን ቀን ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር። ጤፍ ላይና ታች የለውም።

የጓሯችን እንጨት ግን ከሩቅ ይታያል። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጠመንጃ ያነገቱ ሁለት አብዮት ጥበቃዎች አስከትሎ መጣ። ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር፤ የሠርግ ቀሚሴን የሰፋልኝ እሱ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። ከበላዩ ያለውን ሁሉ ይፈራል፤ የሚፈራ ሰው ደግሞ ከበታቹ ላለው ከክፉ ይብሳል።

"ጓድ መምህር፣ በዚህ እንጨት ከማን ጋር ነው የምትነጋገረው?"

ባለቤቴ አስገብቶ ጤፉን አሳየው። ሊቀመንበሩ ቁጭ ብሎ ብዙ አየ። ጠባቂዎቹም አዩ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ምንም ነው" አለ ባለቤቴ።

"ምንም ከሆነ ለምን ታየዋለህ?"

እኔ ልጄን አቅፌ ከጓዳው በር ላይ ቆሜያለሁ። ባለቤቴም ነገሩ ሲገባው ፈጠን ብሎ፣ ማማው ሲቆም ምስል እንደሚመጣ፣ የመሪያችንን ፊት ነቀምቴ ላይ እንደምናይ አስረዳው። ሊቀመንበሩ ተነሥቶ ኮቱን አስተካከለ። በማግሥቱ ተሸካሚዎች መጡና ቴሌቪዥኑ የሰፊው ሕዝብ ንብረት መሆኑን ነግረውን ወደ ቀበሌው አዳራሽ ወሰዱት። አንቴናውንም ነቅለው እዚያ ተከሉት። የውስጥ ዕቃው እንዳይሰረቅ ደግሞ የኋላ ክዳኑ በክር ታስሮ፣ በቀይ ሰም ላይ የአውራጃው ማኅተም ተመታበት። ያንን ሰም የነካ በአሻጥር ይጠየቃል ተባለ። ጊደሯ ሁለተኛ ጊዜ ከቤቴ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከውይይት ክበብ በኋላ፣ ቀበሌው በሙሉ ጤፍ እናይ ነበር። መቅረት አይቻልም። የስም ጥሪ ይደረግና ቁጭ እንላለን፤ ጤፉ ይፈላል፤ ሊቀመንበሩ ከፊት ሆኖ ማን እንዳንቀላፋ ይመለከታል። ልጃቸው ጦር ሜዳ የነበረ አንዲት እናት አንድ ቀን ልጄን ጤፉ ውስጥ አየሁት አሉ። ማንም አልተከራከራቸውም፤ ከዚያ በኋላ የፊተኛው ወንበር የእሳቸው ሆነ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል በወዲያኛው ተራራ ላይ ማማ መቆሙ ተሰማ። ከአብዮት በዓል በፊት ባለው ቅዳሜ ጤፉ በድንገት ሳሳ፤ ሳሳና ሰው ሆነ። ከረባት ያሰረ፣ ፀጉሩን ያበጠረ፣ ወረቀት የያዘ ሰው። ጭንቅላቱ ወደ ታች ነው። ጠረጴዛው ከላይ ተንጠልጥሏል፤ ሰውዬው እንደ ሌሊት ወፍ ተዘቅዝቆ የስንዴ ምርት ያነባል።

ቀስ በቀስ ሁላችንም አንገታችንን አዘነበልን። ሊቀመንበሩ ብዙ ካሰበ በኋላ ወደ ባለቤቴ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አዲስ አበባ አሁን እንዲህ ነው የሚያነቡት?" አለው።

ባለቤቴ ግንባሩን በመዳፉ መታ። "ሁለት ሽቦ ነው ጓድ። አቀያይሬዋለሁ። ክዳኑን ልክፈትና አምስት ደቂቃ፣ አንድ ካቻቢቴ ብቻ።"

"ክዳኑ ታሽጓል።"

"አውራጃውን እናስፈቅድ።"

"ምን ብዬ ልጻፍ?"

"ቴሌቪዥኑ ሰው ይዘቀዝቃል ብለው።"

"ማንን ይዘቀዝቃል ይሉኛል" አለ ሊቀመንበሩ። "በዓሉ ደርሷል። በበዓሉ ቀን እዚያ ውስጥ የሚታየው ማን እንደሆነ አንተ አታውቅም? እኔ ነኝ ያንን ጽፌ የምፈርምበት?"

በእውነት የሚጻፍ ነገር አልነበረም። ስለዚህ ማኅተሙን ከመንካት ቴሌቪዥኑን መገልበጥ ተመረጠ። አራት ሰው አነሣው፤ እግሩን ወደ ሰማይ አድርገው አስቀመጡት። ሰውዬው ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፤ ጠረጴዛውም ከሥሩ ገባ። ተጨበጨበ። ጭብጨባው ሳያልቅ ያለፈው ዓመት ሰልፍ መታየት ጀመረ፤ የአገሪቱ መሪ ሰገነት ላይ ቆመው ጨብጠው እጃቸውን አነሡ። ቀኝ እጃቸውን።

ያን ጊዜ እጅ የሚነሣው ግራ ነው። ስብሰባ ሲከፈት ግራ፣ ሲዘጋ ግራ፣ ይውደም ሲባል ግራ። እኔ አንደኛ ክፍሎችን ግራና ቀኝ የማስተምራቸው "በሰልፍ የምታነሡት የቱ ነው?" እያልኩ ነበር። ቀኝ ክንድ ጨብጦ ማንሣት ያለ ነገር አይደለም፤ አንድ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ግራ ትከሻው ታሞ ቀኙን ስላነሣ ሁለት ስብሰባ ሙሉ ግለ ሂስ ሲያደርግ ውሏል።

ሊቀመንበሩ ከመስኮቱ ፊት ቆመ። እጁን አነሣ፤ አየ። ዞሮ ጀርባውን ሰጠና በትከሻው ላይ አሻግሮ አየ። ተመልሶ ዞረ። ፊቱ አመድ መሰለ።

"እጃቸውን ማን ለወጠው?" አለ።

"ጓድ፣ ተዘቅዝቆ የመጣውን እኛ ስንገለብጠው ግራና ቀኙም አብሮ ይዞራል። ጽሑፉን ይዩት፣ ከኋላው ወደ ፊት ነው። ሁለት ሽቦ ነው፤ አምስት..."

"ሽቦ ሽቦ አትበለኝ።"

ባለቤቴን ያን ቀን የቀበሌው መጋዘን ውስጥ አስገቡት። ሊቀመንበሩ ለእኔ በኦሮምኛ፣ እህቱን እንደሚያናግር ቀስ ብሎ ነገረኝ፦ በበዓሉ ቀን የአውራጃው ተወካይ ራሱ መጥቶ ያያል፤ የመሪው እጅ በትክክል ከተነሣ ባልሽ ይፈታል፤ ካልተነሣ ጉዳዩን ወደ ላይ አስተላልፋለሁ። ባለፈው ዓመት ከዚያው መጋዘን አንድ የታሪክ መምህር ወደ ላይ ተላልፎ ነበር። ሚስቱ ስንቅ ይዛ ስትመላለስ ከርማ አንድ ቀን "ከእንግዲህ አታምጪ" ተባለች። ከዚያ በላይ የነገራት የለም። እኔ ያቺን ሴት በየቀኑ ትምህርት ቤት አያታለሁ።

ምሳ ስወስድለት ባለቤቴ በመጋዘኑ ቀዳዳ ውስጥ ይስቃል። "ወረቀት ያነበበውን ሰውዬ አየሽው?" ይለኛል። "ስንዴው ወደ ላይ ሲፈስ?" አትሳቅ አልኩት። እንባዬ ምግቡ ላይ ወደቀ። እሱም ጣቱን በቀዳዳው አሻግሮ ጉንጬን ነካኝ። ያን ጊዜ ነው ፈርቶ እንደሚስቅ የገባኝ።

በማግሥቱ ክር ልገዛ የጨርቅ ነጋዴው ሱቅ ገባሁ። ሴቶች ጨርቅ ደርበው የሚያዩበት ሰው የሚያክል መስተዋት ነበረው። ከኋላዬ ግድግዳው ላይ በሁሉም ሱቅ የሚለጠፈው የሠርቶ አደር ሥዕል አለ፤ ግራ እጁን ያነሣ። መስተዋቱ ውስጥ ግን ቀኙን ነው ያነሣው። ክሩን ጣልኩና ስዞር፣ ስመለከት፣ ስዞር፣ ነጋዴው "አዴ፣ ደኅና ነሽ?" አለኝ።

"መስተዋት ቀኝን ግራ ያደርጋል" አልኩት።

"እንዴታ። ለዚህም ነው ደንበኛ መልኩን የማያምነው።"

ነገሩን ነግሬ መስተዋቱን ለበዓሉ እንዲያውሰን ስለምነው ወደ መስተዋቱ ዞረ። መስተዋቱ የሱቁ ዓይን ነበር፤ ቀበሌ የገባ ዕቃ ደግሞ እንደማይመለስ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። "ይህንንም በሰም ያሽጉታል እኮ" አለ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብቶ ብርድ ልብስ አመጣና መስተዋቱን እንደታመመ ሰው ጠቀለለው። ሊቀመንበሩም ስነግረው፣ እጁ ግራ ይሁን እንጂ ሌላው ግድ የለኝም አለ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ። ለበዓሉ ከጠዋት ጀምሮ ለከተማው መብራት ተለቀቀ። ቴሌቪዥኑ እግሩን አንሥቶ መድረኩ ላይ፣ በሦስቱ ጺማሞች ሥዕል ሥር ተቀመጠ። መስተዋቱ ከአዳራሹ ማዶ ከበሩ አጠገብ ቆመ። አግዳሚ ወንበሮቹ ሁሉ ዞሩ። ቀበሌው በሙሉ ለመድረኩ፣ ለጺማሞቹና ለቴሌቪዥኑ ጀርባውን ሰጥቶ መስተዋት ፊት ተቀመጠ። ባለቤቴ ቴሌቪዥኑን እንዲቆጣጠር ከመጋዘን ወጥቶ መድረኩ ላይ ቆሟል፤ ከጎኑ ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ አለ። እኔ ልጄን አዝዬ ከመድረኩ ሥር ነበርኩ። አማቴም ከአርጆ መጥተው አጠገቤ ቆመዋል፤ ልጃቸው መታሰሩን ማን እንደነገራቸው አላውቅም።

የአውራጃው ተወካይ በበሩ ሲገባ ሕዝቡ ሁሉ ፊት ለፊት እያየው አገኘው። እሱን ለመቀበል የዞረ መሰለው። ደስታው ፊቱ ላይ ታየ፤ እጁን አንሥቶ ሰላምታ ሰጠና ከፊተኛው ወንበር ተቀመጠ። ከዚያ "ቴሌቪዥኑስ?" ብሎ ጠየቀ።

"እዚያ ውስጥ ነው ጓድ" አለ ሊቀመንበሩ፣ ወደ መስተዋቱ እየጠቆመ።

ተወካዩ አየ፤ ያየው ራሱን ነው። ዞሮ መድረኩን ሲያይ ቴሌቪዥኑን በጭንቅላቱ ቆሞ አገኘው።

"ለምን ተገለበጠ?"

ሊቀመንበሩ "ማኅተሙን... የአውራጃውን ማኅተም ለመጠበቅ ነው ጓድ" አለ። ሐሰት አልተናገረም። ተወካዩም ማኅተሙ የራሱ ስለነበረ ራሱን ነቀነቀ።

የበዓሉ ሙዚቃ ተሰማ። መስተዋቱ ውስጥ፣ በሩቅ፣ መዳፍ በምታክል ብርሃን ውስጥ መሪው ብቅ አሉ፤ ጭንቅላታቸው ላይ፣ እግራቸው ታች። እጃቸውን አነሡ። ግራ። ሊቀመንበሩ ዓይኑን ጨፍኖ ተነፈሰ። አዳራሹ እንደ አንድ ሰው ተነሥቶ ግራ እጁን አነሣ።

ያን ጊዜ ነው ችግሩ የመጣው። መስተዋቱ እኛንም ያሳያል። መሪው በአንድ በኩል እጃቸውን አንሥተዋል፤ ተወካዩ፣ ሊቀመንበሩና ሕዝቡ በሙሉ ግን መስተዋቱ ውስጥ በሌላው በኩል ነው ያነሡት። ግራቸውን እንዳነሡ ሁሉም ቀኝ ያነሣ መስሎ ይታያል። ከመሪው ፊት አንድ ቀበሌ ሙሉ ቀኝ እጁን ጨብጦ ቆሟል።

ተወካዩ መጀመሪያ መስተዋቱን አየ። ከዚያ የገዛ እጁን አየ። ተመልሶ መስተዋቱን አየ። በቀስታ ግራውን አወረደና ቀኙን አነሣ። መስተዋቱ ውስጥ ከመሪው ጋር ገጠመ፤ ፊቱም በራ። ይህን ያየ ከጎኑ ያለው ሰው እጁን ቀየረ፤ ቀጥሎ ያለውም ቀየረ፤ ነገሩ ከወንበር ወንበር ተላለፈና አዳራሹ በሙሉ፣ የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ ሳይቀር፣ ቀኝ ክንዱን ጨብጦ አነሣ። ሊቀመንበሩ የቱ እንደሆነ ስለጠፋበት ሁለቱንም አነሣ።

ዞሬ ባለቤቴን አየሁት። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሊስቅ ነው። በሕይወቴ ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም፤ ያን ሰዓት ከሳቀ፣ ተወካዩ ያደረገው ነገር ይገባዋል፤ የገባው ሰው ደግሞ ይቅር አይልም። ልጄን ከጀርባዬ አወረድኩና እሷን ላቀብል ጠባቂውን ገፍቼ መድረኩ ላይ ወጣሁ። ባለቤቴ ፊቱን ሆዷ ላይ ቀበረ። ልጅቱ ኮርኩሯት ይሁን ደንግጣ ጮኸች፤ ጩኸቷ አዳራሹን ሞላው፤ እሱ ከሥር ምን እንዳደረገ እኔና እሷ ብቻ ነን የምናውቀው። አማቴ ወደ ተገለበጠው ቴሌቪዥን ጠጋ ብለው የምሥሉን ሰው በጥንቃቄ ካዩ በኋላ "ኩን ማሊ?" አሉ፤ ይሄ ምንድን ነው ማለታቸው ነው።

ሲያበቃ ተወካዩ በዓሉ በደመቀ ሁኔታ መከበሩን ተናገረና ቀኝ እጁን እንዳነሣ ወጣ። ሊቀመንበሩ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ባለቤቴን ብዙ አየው። ሊከሰው ቢፈልግ ምን ብሎ ይጽፋል? ተወካዩን ጨምሮ ቀበሌው በሙሉ ቀኝ አንሥቷል፤ እሱ ራሱ ሁለት አንሥቷል። "ሂድ ወደ ቤትህ" አለው። ለእኔ ደግሞ "አዴ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም" አለኝ። መስተዋቱን ዕለቱን አስመለሰ፤ በዚያ አዳራሽ ማንም ራሱን እንዲያይ አልፈለገም። ቴሌቪዥኑ ለሠፋሪዎች ንቃት ወደ አንገር ጉቲን ይላክ ተባለ፤ እዚያ መብራት ስለሌለ ጥፋት እንደማይሠራ ታምኖበት። ከክረምት በኋላ ግን በበቆሎ ጆንያ መሐል ተጭኖ ተመለሰ፤ ሾፌሩ ማን እንደሚረከበው ስላላወቀ እኛ በር ላይ አውርዶት ሄደ። ማኅተሙ እንደተመታ ነበር።

ባለቤቴ ያንን ማኅተም አልከፈተውም። መንግሥት ተለወጠ፣ ቀበሌው ተለወጠ፣ ሌላ ቴሌቪዥን ገዛን፤ እሱ ግን አሮጌውን አልነካም። አንድ ጊዜ ብጠይቀው "አምስት ደቂቃ ነው፤ አይቸኩልም" አለኝ። ከስድስት ዓመት በፊት ሞተ። እናቱ ከእሱ ቀድመው ሄደዋል፤ ያቺን ጥያቄ እስከ መጨረሻው ሳይተዉ።

ማኅተሙን ባለፈው በጋ በቢላ ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ሰሙ እጄ ላይ ተፈረፈረ። ልጄ ያረጀውን ዕቃ ለወጠች፤ ሳጥኗን ከኮምፒዩተሯ ሰካች። መጀመሪያ ጤፉ መጣ። ከዚያ ጤፉ ሳሳና የእሷ የሠርግ ቀን ቪዲዮ ሆነ፤ ባለቤቴ ሳሕን ይዞ፣ በሌላው እጁ ካሜራውን ወዲያ በል እያለ፣ እየሳቀ። ተዘቅዝቆ።

"ሁለት ሽቦ ነው እማዬ" አለች ልጄ። "አምስት ደቂቃ።"

"ተዪው" አልኳት።

ገለበጥነው። የልብስ መስተዋቴን ከጓዳ አስመጣሁና ከማዶ አስደገፍነው፤ እኔ ወንበሬን አዙሬ ጀርባዬን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ልጄ ያበድኩ መስሏት ቆማ ታየኛለች። መስተዋቱ ውስጥ እሱ አለ፤ ከትከሻዬ በላይ፣ እየሳቀ፤ ከጎኑ እኔ አለሁ፣ ነጠላዬን የለበስኩ አሮጊት። ከሞተ ወዲህ ሁለታችን በአንድ መስተዋት ውስጥ ታይተን አናውቅም። ናፍቆኝ ነበር፤ ምን ያህል እንደናፈቀኝ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

እሱ እጁን ያወዛውዝልኛል። እኔም መልስ ልሰጠው እጄን አነሣሁ፤ ከእሱ ጋር እንዲገጥም ብዬ ቀየርኩት። ከዚያ በእናቱ ድምፅ፣ "ሳኒ ኤሳ ጂርቲ?" አልኩት።